ችካሉን ማን ነቀለው?

ውድ ባለጃንጥላው፣

ይህን ደብዳቤ ያደረሰልህ ባቡር ነጂው ነው፤ ወፍራሙ ሳይሆን ቀጭኑ፣ ሲያወራ ጆሮህ ሥር ካልገባ የማይሆንለት። ስለ አንተ የነገረኝም እሱ ነው። «ያ ጃንጥላ ከእጁ የማይለየው ቀያሽ ትዝ ይልሻል? ከሥራ አባረሩት እኮ!» ሲለኝ አላመንኩትም። ማን እንደላከው እንጃ፣ ወሬ ሊያወጣጣኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። «እኔ ምን አገባኝ» አልኩትና ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ። በሚቀጥለው ጉዞው ግን ባቡሩ ገና ብቅ ሳይል ሐዲዱ ዳር የቆምኩት እኔው ነበርኩ።

ጤናህን ጠይቄ መጀመር ነበረብኝ። ግን እንዴት እንደሆንክ ከሰማሁ በኋላ ምንም እንደማያውቅ ሰው «እንዴት ነህ» ብልህ ያሾፍኩብህ ይመስላል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስምህንም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በየቀኑ ከስሜ ጎን ስትፈርም አይቼዋለሁና ጠፍቶኝ አይደለም። ይህ ወረቀት በስንት እጅ እንደሚያልፍ ስለማላውቅ ነው።

ሥራችን ሲነግሩኝ ቀላል ነበር። ሁለቱ አገሮች የሚዋሰኑበትን መስመር ተከትለን እንሄዳለን፤ መንገድ ይሁን ሐዲድ፣ ድንበሩን የሚያቋርጥበትን ቦታ ሁሉ ካርታ ላይ እናሰፍራለን። ከእኛ አንድ ቀያሽ፣ ከእናንተ አንድ ቀያሽ። አንዱ የለካውን ሌላው በራሱ መሣሪያ ደግሞ ይለካዋል፤ ቁጥሩ ከገጠመ ሁለታችንም እንፈርማለን። ካርታው ላይ የገባ ማቋረጫ በር ይሠራለታል። ያልገባው በአጥር ይዘጋል።

ከመውጣቴ በፊት አለቃዬ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። «ሰውየውን አይቼዋለሁ» አለኝ። «ጨዋ ነው። የሚያሳስበኝም እሱ ነው።»

ቤት ደግሞ አክስቴ አለች። እናቴ ስትሞት የወሰደችኝ፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዕድሜዋን በጉምሩክ ፈታሽነት ነው የጨረሰችው። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ እንግዳ ሲመጣባት መጀመሪያ ሰላም የምትለው ቦርሳውን ነው። ከማን ጋር እንደምሠራ ስነግራት ቀሚሴን መተኮሷን አቁማ፣ «አፉን ተይው፣ እጁን እዪ» አለችኝ። «እኔን ያታለለኝ እጅ የለም።»

እኔም እጅህን አየሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ያ ጥቁር ጃንጥላ። ደመና የለም፣ ዝናብ የለም፣ አንተ ጃንጥላ! መሣሪያው ፀሐይ ሲመታው ቁጥሩ ይዛባል ብለህ ታጠላለታለህ። እኔ በስንት ዓመት ሥራዬ ለመሣሪያ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና እጀታው ውስጥ የሆነ ነገር አለ ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ልትታጠብ ወንዝ ስትወርድ አነሳሁት። እጀታውን አዞርኩት፣ ነቀነቅሁት፣ ከፈትኩት። ከአንድ የመስታወት መጥረጊያ ጨርቅ በቀር ምንም አልነበረበትም። ቀና ስል ፊትህ እየተንጠባጠበ አጠገቤ ቆመሃል።

«ሊዘንብ ነው እንዴ?» አልከኝ። «እርስዎ ካሉ መቼም ይዘንባል።»

ያኔ ገና በእርስዎ ነበርን። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

አንተም ብትሆን ጻድቅ አልነበርክም። ለአክስቴ ስደውል ሁልጊዜ የጫማህ ክር የሚፈታው እኔ አጠገብ ነበር። ጫማዬን የት እንደገዛሁት ጠየቅከኝ፤ የአባቴን ሥራ ጠየቅከኝ። መኪናችን ስንት ነዳጅ እንደሚይዝ ሳይቀር ጠየቅክ። አንድ ቀን ብርቱካን ሰጠኸኝ። ማታ ለአክስቴ ስነግራት፣ «በላሽው?» አለች። «አዎ።» «ልጣጩንስ ማን ወሰደው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ሳቅሁባት። ግን በነጋታው ያንን የብርቱካን ልጣጭ የጣልኩበትን ቦታ ሄጄ አይቼዋለሁ። ነበረ።

እርስዎ የሚለው የቀረው ድልድዩ ላይ ነው፤ ታስታውሳለህ። የመሣሪያዬ እግር ከብረቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ውሃው ሲሄድ፣ «አንቺ! ያዢው!» ብለህ ጮኸህ፣ እኔም «አንተ ያዘው!» አልኩ። ያዝከው። ከዚያ በኋላ ወደ እርስዎ መመለስ ሁለታችንም አፈርንበት። ድልድዩ ስንለካው በአብዛኛው ወደ እኛ ወገን ሆነ፤ አንተ ሁለቴ ደግመህ ለካኸው፣ ከንፈርህን ነከስክ፣ ፈረምክ። እኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የፈረመው ለምንድን ነው ብዬ ለሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን ወደ መጨረሻው ማቋረጫ ልምጣ። አንተ የምታውቀውን ለምን እንደምደግምልህ ይገርምህ ይሆናል። ግን እኔ በቆምኩበት በኩል ምን እንደታየኝ ነግሬህ አላውቅም።

ቦታው ሐዲዱና የአፈር መንገዱ ድንበሩ ላይ የሚቆራረጡበት ነው። የድሮው ውል፣ ወሰኑ ሐዲዱና መንገዱ በሚገናኙበት ነጥብ ያልፋል ይላል። ችግሩ መንገዱ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ጭቃ ሲሆን ሰዉ ደረቁን እየመረጠ ይሄዳል፣ መንገዱም አብሮት ይሄዳል። ጠዋት እኔ ለካሁና አናቱ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከልን። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር።

ባቡር ሲያልፍ መንገዱን የሚዘጋውን ማገጃ የሚያወርዱት እትዬ፣ ቀይ ባንዲራቸውን በብብታቸው ይዘው መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ቤታቸው ከሐዲዱ ወዲህ፣ የልጃቸው ቤት ከሐዲዱ ወዲያ ነው፤ ልብስ ማስጫ ገመዳቸው አንድ ነው።

«ይቺ እንጨት ምን ታደርጋለች?» አሉ።

«ድንበሩ በዚህ ያልፋል ማለት ናት፣ እትዬ» አልኳቸው።

«በዚህ ማለት በየት? በጣትሽ አሳዪኝ።»

ከችካሉ ተነስቼ ማዶ እስካለው የሲሚንቶ ምልክት ድረስ በጣቴ አየር ላይ መስመር ሳብኩ። ጣቴ ገመዱ ላይ የተሰጡትን አንሶላዎች ቆርጦ አለፈ።

«የልጄ ቤትስ?»

ወደ አንተ አየሁ። አንተ ወደ እኔ አየህ። «ወደነሱ ይሆናል» አልኩ።

«ልጄ እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። ምጥ ሲይዛት የማንን ፈቃድ ጠይቄ ነው የምሻገረው?»

«እኛ ቤት አንለካም፣ እትዬ። መንገድ ነው የምንለካው።» አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። አለቃዬ ለሁሉም የሚሰጠው መልስ ነው። እሳቸውም ባንዲራቸውን አስተካክለው ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ምሳ ሆነ። የእኛ ወታደሮች በእኛ በኩል ጥላ ሥር፣ የእናንተዎቹ በእናንተ በኩል፣ ሁሉም ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። እኔ የተከመሩት አሮጌ የሐዲድ እንጨቶች ላይ ተቀመጥኩ፣ አንተ የተገለበጠ ሣጥን ላይ። ችካሉ ከኋላዬ ነው፣ ላንተ ደግሞ በስተጎን። የዚያን ቀን ጠዋት አለቃዬ ደውሎ፣ «የመጨረሻው ስለሆነ የሆነ ነገር ከሞከረ ዛሬ ነው የሚሞክረው» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ዳቦዬን እያኘክሁ አንተን አየሁ። አንተም እንቁላልህን እየላጥክ እኔን ታይ ነበር። ያንተም አለቃ ደውሎልህ እንደነበር እምላለሁ። እትዬ በመካከላችን ባልዲ ይዘው አለፉ፤ «ብሉ ልጆቼ፣ ብሉ» አሉን። ሁለታችንም «እሺ» አልናቸው፤ ቀና ብሎ ያያቸው ግን የለም።

ከምሳ በኋላ የመለካቱ ተራ ያንተ ነበር። ለካህ። መስታወቱን ጠርገህ እንደገና ለካህ።

«አንቺ፣ እስቲ ነይ» አልክ።

ቁጥሩ አልገጠመም። በጥቂት ርምጃ ይለያያል። «መሣሪያህ ተበላሽቷል» አልኩ።

«የኔ መሣሪያ? ጠዋት የዋሸው ያንቺው ነው እንጂ!»

«የኔ አይዋሽም!»

«አንቺስ?»

እንዲያ ስትለኝ አይኖችህ እውነትህን እንደሆነ ነገሩኝ፤ ትጠረጥረኛለህ። ከዚያ ዝቅ ብለህ መሬቱን ዳበስክ። ችካሉ ሥር ያለው አፈር ገና አልደረቀም፤ ትንሽ እልፍ ብሎ ደግሞ ተደፍኖ በእግር የተረገጠ ጉድጓድ አለ። «ተነቅሏል» አልክ፤ ድምፅህ ግን ካሰብከው በላይ ወጣ። ወታደሮቹ ሰሙ። በሁለቱም ጥላ ሥር ያሉት ባንድ ጊዜ ተነሱ፣ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። የእናንተው ሃምሳ አለቃ፣ «ወደኛ ገብቶ ነው የተተከለው። ማን እንደተጠቀመ ግልጽ ነው» አለ። የእኛው፣ «አፍህን ሰብስብ» አለው። አንዱ ሬዲዮ አንስቶ መናገር ጀመረ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? አንተ ነህ አልኩ። ወደ ራሱ መሬት ያስገባው እኛን ሌባ ሊያሰኘን ነው፣ ከዚህ የበለጠ ተንኮል የለም አልኩ። ወዲያው ግን ልቤ፣ እንዴት አድርጎ? አለኝ። ምሳ ሰዓቱን ሙሉ አይኔን ካንተ ላይ ነቅዬ አላውቅም። አንተ መነሳትህ ቀርቶ የተቀመጥክበት ሣጥን እንኳ አልተነቃነቀም።

ያን ጊዜ ነው አንተ ሌላ ነገር እያየህ እንደሆነ ያስተዋልኩት። እትዬ ማገጃው ሥር ቆመዋል። ቀኝ መዳፋቸው ቀይ ነው። እንደ ባንዲራው ቀይ አይደለም፤ እንደ ችካሉ አናት ነው። ቀስ ብለህ ወደሳቸው ሄድክና ጃንጥላህን በወታደሮቹ በኩል ከፈትክ፣ ፀሐዩ የበዛብህ ይመስል። «እትዬ፣ እስቲ ገባ ብለው ሻይ ያፍሉልን» አልካቸው። «እጅዎንም ይታጠቡ፣ ላብ ሆኗል።» እትዬ እጃቸውን አዩና ቀሚሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ገቡ። የኔ ልብ ግን አሁንም አልተኛልኝም። ተነጋግረው ነው፣ እሱ ነው የላካቸው፣ አልኩ። እንዲህ ነኝ።

አለቆቻችን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። የጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰበሰቡን፤ ያ ግራሶ የሚሸተው፣ የትኬት መስኮቱ በካርቶን የተደፈነው። የእናንተ አለቃ፣ «እነሱ ናቸው» አለ። የኛው፣ «ማስረጃ አምጣ» አለው። ጭቅጭቁ ሲከር አንዱ መኮንን፣ «እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ይታሰርና ይጣራ። ያቺን የማገጃ ጠባቂም አምጧት» አለ። አንድ ወታደር ወደ በሩ ሄደ።

አንተ ተነሳህ። «ማንንም አታምጡ። እኔ ነኝ» አልክ። «ጠዋት የተተከለው ልክ አልመሰለኝም። በምሳ ሰዓት ነቅዬ ልክ ነው ያልኩት ቦታ ተከልኩት። ስህተቱ የኔ ነው።»

የእናንተ አለቃ ፊቱ አመድ መሰለ። «ወደራሳችን መሬት አስገብተህ?»

«ተሳስቼ ነው።»

ከዚያ አለቃዬ ወደኔ ዞረ። «ምሳ አብራችሁ ነው የበላችሁት። ሲነቅል አይተሻል?»

በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ወይም ከዚያ ክፍል ውጭ፣ ችካሉን አንተ እንዳልነካኸው እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለጠረጠርኩህ ነዋ! ጥሩ ምስክር አገኘህ። አፌን ብከፍት ደግሞ ወታደሩ እትዬን ሊያመጣ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ወደኔ ያየኸው ለአፍታ ነው። አትናገሪ ያልከኝ መሰለኝ፤ አንተ ምን ማለትህ እንደነበረ ግን እስካሁን አላውቅም።

«ምሳዬን እየበላሁ ነበር» አልኩ። «አላየሁም።»

ያን ቀን አንተ የፈረምክበት ማቋረጫ ሁሉ ከድልድዩ ጀምሮ እንዲሰረዝና እንደ አዲስ እንዲለካ ወሰኑ። አንተ በአለቃህ መኪና ኋላ ወንበር ተቀምጠህ ሄድክ። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ እጇን በእጇ መታች። «ሞኝ! ድልድዩ ላይ ተሸንፈው አልነበር? አሁን በነፃ እንደገና ይለካላቸዋል! ሽልማት ነው የሚሰጡት!» እኔም አመንኳት፤ ወይም ማመኑ ቀለለኝ። ለእትዬ፣ «ስህተት ነበር ተብሎ ነገሩ በርዷል» አልኳቸውና ሌላ አላወራኋቸውም።

አዲሱ የእናንተ ቀያሽ ፈሪ ሰው ነው፤ ሱፍ እየቆረጠመ ይለካል፣ የምለውን ሁሉ እሺ ይላል። ድልድዩን ስንለካው ቁጥሩ እንደ ድሮው ሆኖ ቁጭ አለ፤ ለእናንተ ስንዝር አልተጨመረም። ዕቅዱ ከሸፈበት ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ከፋኝ። የመጨረሻው ማቋረጫ ላይ ስንደርስ የእትዬ ልጅ ወልዳ ሕፃኑ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ክርክሩ ወራት ስለፈጀ ያ ሁሉ ጊዜ አጥሩ አልታጠረም፤ ምጥ በያዛት ቀን እትዬ ሐዲዱን ዘለው ነው የደረሱላት። በመጨረሻም የሁለቱ ወገን ሰዎች ሁለቱንም ቤቶች የማቋረጫው ግቢ ውስጥ አስገብተው፣ በሩን ከወዲያና ከወዲህ እንዲተክሉ ተስማሙ። ገመዱ አሁንም አንድ ነው። እንዲህ እንዲሆን አስበህ ነበር? ወይስ እንዲያው ሆነልህ? ይህን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁህ፣ አንተ በሌለህበት!

ከዚያ ባቡር ነጂው መጣ። ሽልማት የለም አለኝ። ከሥራ ወጥተህ እናት አባትህ ቤት ገብተሃል፤ ለገበሬ እርሻ በገመድ ትለካለህ፤ አንዳንዱም «መሬት የሸጠው» እያለ ይጠራሃል። ይህንን ሲነግረኝ ፊቱን ሳይሆን እጁን አየሁ። አልዋሸም።

እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ማገጃውን ቅባት እየቀቡ ነበር። ስነግራቸው ጨርቁን ወረወሩት።

«ማንን? ማንን ነው ያባረሩት?»

«እሱን፣ እትዬ።»

«ስህተት ተብሎ በረደ አላልሽኝም?»

«ለእኛ ነው የበረደው።»

«ተሸከምልኝ ያለው ማን ነው! እኔ ምላስ የለኝም? ለራሴ መናገር አልችልም?» ጨርቁን ከመሬት አንስተው፣ «እነዚያ ሰዎች የሚቀጥለው ስብሰባቸው መቼ ነው?» አሉኝ።

ያው ክፍል ውስጥ፣ ያው ግራሶ እየሸተተን፣ እትዬ የሥራ ኮፍያቸውን አድርገው መሀል ቆሙ። «ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በኔና በልጄ ቤት መሀል ያለፈው መስመር አላማረኝም፤ ነቀልኩት፣ በባልዲ ደብቄ ወሰድኩት፣ መስመሩ ከቤቷ ወዲያ እንዲያልፍ አድርጌ ተከልኩት። አድካሚም አልነበረም። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተፋጠው ነበርና ባቡሩ ቢሰረቅ እንኳ አያዩም።»

ሰብሳቢው ወደኔ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እሱ አለመሆኑን አውቅ ነበር።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?»

«እጠረጥረው ነበር፤ አይኔን ከሱ ላይ አልነቀልኩም።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ? ምን ሲያደርግ ነበር ታዲያ?»

ነገርኳቸው። እንቁላሉን ከቀጭኑ ጫፍ ጀምሮ እንደምትልጥ፣ ቅርፊቱን ሳትበትን መዳፍህ ላይ እንደምትሰበስብ፤ ጨው በታጠፈ ወረቀት ይዘህ እንደምትመጣና የተረፈውን መልሰህ እንደምታጥፍ። ፀሐይ ስትዞር መጀመሪያ ጃንጥላውን ለመሣሪያው እንደምታዞር፣ ራስህ ግን ፀሐይ ላይ እንደምትቀር። ስታኝክ የግራ ቅንድብህ እንደሚነሳ። ዳቦህን ለሁለት ቆርሰህ ትልቁን ልትሰጠኝ አስበህ እንደተውከው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ መጻፏን ትታ እያየችኝ ነበር። ያኔ ነው የተናገርኩት የገባኝ፤ ፊቴ ጋለ። አለቃዬ ጣራውን ያያል። ከእናንተ ወገን አንዱ ሽማግሌ በመሀረብ አፉን ሸፍኖ ይስቃል።

አክስቴም ሰማች፤ እዚህ ከተማ የማይሰማ ነገር የለም። «እኔ በሥራ ዘመኔ ማንንም እንዲህ አድርጌ ፈትሼ አላውቅም» አለችኝና ሻይ ቀዳችልኝ።

እኔ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኝ ከመስክ ሥራ ወደ ቢሮ ገብቻለሁ፤ ሌሎች የለኩትን እስላለሁ። እትዬን ከጊዜያቸው በፊት ጡረታ አወጧቸው፤ አሁን የልጅ ልጃቸውን አዝለው የተተኪያቸውን ማገጃ አወራረድ ሲያርሙ ይውላሉ። ያንተን ጉዳይ ግን የእናንተ ተወካይ፣ «ይታያል፤ ብቻ ራሱ መጥቶ ቃሉን ይስጥ» አለ። ሁለት ጊዜ እንደጠሩህ፣ ሁለቱንም ጊዜ እንዳልሄድክ ባቡር ነጂው ነገረኝ።

የምጽፍልህም ለዚህ ነው። ለምን አትሄድም? ኩራት ነው? ወይስ እኔ የተናገርኩትን ሰምተህ አፈርክብኝ? አንዳንዴ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው የተላከ ሰው ስለነበረ መጠየቁን ፈርቶ ይሆናል እላለሁ። ተቆጣኝ፤ ግን ሲመጣብኝ ልደብቅህ አልችልም። ጥርጣሬን ከልጅነቴ ጀምሮ ከአክስቴ ጋር እራት ላይ በልቼዋለሁ፤ በአንድ ቀን ከሆዴ አይወጣም።

ሂድና ቃልህን ስጥ። እትዬ አንድ ጊዜ ተናግረውልሃል፣ እኔም ተናግሬልሃለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው። የምትለካው የገበሬ እርሻ ትንሽ ቀን ቢቆይ አይሸሽም። ከዚያ በሕጋዊው በር፣ በቀን ብርሃን፣ ወደ ማቋረጫው ና። ለምን እንዳደረግከው ፊት ለፊት ልጠይቅህ እፈልጋለሁ። ለእትዬ ብለህ ከሆነ እሰየው። ለአገርህ ያሰብከው ነገር ኖሮ ከሆነም ንገረኝ፤ እቀየም ይሆናል እንጂ አልሄድብህም። ሌላ ምክንያት ካለህ ግን ቀስ እያልክ ንገረኝ። ቶሎ አላምንህም።

የወዲህ ማዶዋ ቀያሽ